ሶላር ከመግዛት በፊት፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ላሉ እርሻዎችና የምግብ ማቀነባበሪያዎች የኃይል ማብራሪያ

ስለ ታዳሽ ኃይል ሲወራ ቶሎ የሚታሰበን ጣሪያ ላይ የተደረደረ ሶላር ነው። ሱሉልታ ላይ የወተት ላም ለሚያረባ፣ ሰበታ ላይ ዘይት ለሚጨምቅ፣ ገላን ላይ ዱቄት ለሚፈጭ ወይም ቢሾፍቱ ላይ ጫጩት ለሚያሳድግ ሰው ግን መነሻው ሌላ ቢሆን ይሻላል። በአገራችን በሽቦ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው፤ ከቀረው አብዛኛው ደግሞ ከነፋስ። ሽቦው ራሱ ታዳሽ ነው ማለት ነው። ጭሱ የሚወጣውና ገንዘቡ የሚቃጠለው ሌላ ቦታ ነው፦ ቦይለሩ (ውኃ አፍልቶ እንፋሎት የሚሠራው ዕቃ) ሥር በሚማገደው ፍልጥ፣ በጄኔሬተሩ ናፍጣ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር በሚበላሸው ወተት። ስለዚህ እዚህ የምናስቀድመው ሙቀትን ነው፤ ቅዝቃዜ ይከተላል፤ ፓኔሉ ተራው መጨረሻ ላይ ይደርሳል።

ከሁሉ በፊት መቁጠር ያስፈልጋል። ለአንድ ሳምንት በአንድ ደብተር ላይ አምስት ነገር ይመዝገብ፦ የኤሌክትሪክ ቆጣሪው ንባብ ማታና ጠዋት፣ የተማገደው እንጨት በኪሎ፣ የተቀዳው ናፍጣ በሊትር፣ ጄኔሬተሩ የሠራበት ሰዓት፣ እና የተመረተው ምርት በሊትር ወይም በኩንታል። ሁሉንም ወደ አንድ መለኪያ ለማምጣት 1 ሊትር ናፍጣ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት አለው፤ 1 ኪሎ የደረቀ እንጨት 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ። ይህ ሲደመርና ለምርቱ ሲካፈል አብዛኛው ማቀነባበሪያ የሚደነግጠው በመብራት ሒሳቡ ሳይሆን በማገዶው ነው። የማታው ንባብ የተለየ ጥቅም አለው። ሥራ ካበቃ በኋላ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ከዚያም ሥራ ሳይጀመር ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ቆጣሪው ይነበብ። ልዩነቱ ማቀዝቀዣው ብቻውን ሊበላ ከሚገባው በላይ ከሆነ፣ ማንም ሳያየው ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚያፈስ ቧንቧ የሚያነሳሳው የውኃ ፓምፕ ወይም ቀዳዳ ያለበት የአየር ኮምፕረሰር ነው። በ7 ባር ግፊት ላይ የ3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብቻውን 3 ኪሎ ዋት ገደማ ይበላል። ቀዳዳውን ለማግኘት ሳሙና የተነከረ ብሩሽ ይበቃል።

ቦይለሩና ማገዶው

አዲስ የተቆረጠ የባሕር ዛፍ ፍልጥ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። እሳቱ መጀመሪያ ያንን ውኃ አፍልቶ በጭስ ማውጫ ማባረር አለበት፤ ለእንፋሎቱ የሚተርፈው ከደረቁ እንጨት ግማሽ ያህል ቢሆን ነው። ስለዚህ እርጥብ እንጨት በኪሎ መግዛት ውኃን በእንጨት ዋጋ መግዛት ነው። በሜትር ኩብ መዋዋል ይሻላል። የክረምቱ ማገዶ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ተገዝቶ፣ ክንድ በሚያህል ውፍረት ተፈልጦ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ተደርድሮ፣ ከላይ ቆርቆሮ ለብሶ፣ ጎንና ጎኑ ለነፋስ ተከፍቶ በጋውን ይለፍ። ዙሪያውን በላስቲክ መጠቅለል የተለመደ ስሕተት ነው፤ እርጥበቱ መውጫ ያጣና እንጨቱ ይሻግታል።

ቡና የሚያበጥሩ ድርጅቶች አጠገብ ላለ ሰው የደረቀ የቡና ገለፈት ጥሩ አማራጭ ነው፤ ሰጋቱራም እንዲሁ። ገለፈት ግን ፖታሲየም ስለሚበዛበት አመዱ በከፍተኛ ሙቀት ቀልጦ ከፍርግርጉ ላይ እንደ ድንጋይ ይጋገራል። ገለፈት የሚያነድ ሰው ፍርግርጉን በየፈረቃው መፋቅ፣ ገለፈቱንም ከእንጨት ጋር ቀላቅሎ ማንደድ ይኖርበታል። ይህን ሳያስብ የጀመረ ሰው ፍርግርጉ ይደፈንበታል፤ አየር ያጣል፤ ከዚያ ጥፋቱን በነዳጁ ላይ ያላክካል።

ከፍታችን ለቦይለር ትልቅ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,900 ሜትር (ቢሾፍቱ) እስከ 2,600 ሜትር አካባቢ (ሱሉልታ) ይደርሳል። በመካከለኛው ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል ሩብ ያህል ስስ ነው። ከውጭ የመጣ የናፍጣ በርነር (ነዳጁን ረጭቶ የሚያነደው ክፍል) ፋብሪካው ባስተካከለለት ልክ እዚህ ቢነሳ ማራገቢያው የሚያስገባው አየር መጠኑ ያው ሆኖ ኦክስጅኑ ያንሳል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ቱቦዎቹ ጥላሸት ይለብሳሉ። የአየር መግቢያው ይከፈት፤ ያ ካልበቃ ነዳጅ የሚረጨው አፍንጫ ባነሰ ይቀየር። በተቃራኒው ጭስ ጨርሶ የማይታይበትና ጭስ ማውጫው የሚያቃጥል ቦይለር አየር በዝቶበታል፤ የሚሞቀው ሰማዩ ነው። ጭስ ማውጫው ላይ ቴርሞ ሜትር ማስገባት ከምንመክራቸው ርካሽ ሥራዎች የመጀመሪያው ነው። በተመሳሳይ ሥራ ላይ ንባቡ ከሳምንት ሳምንት ከፍ ካለ ውስጡ በጥላሸት ወይም በኖራ ቅርፊት እየተሸፈነ ነው፤ 20 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር 1 በመቶ ገደማ ነዳጅ ይባክናል።

ያልተሸፈነ የእንፋሎት ቧንቧ ሁሉም ያየዋል፣ ማንም አይቆጥረውም። 2 ኢንች ቧንቧ 150 ዲግሪ እንፋሎት ተሸክሞ ራቁቱን ከሆነ በእያንዳንዱ ሜትር 300 ዋት ገደማ ያጣል። አሥር ሜትር፣ በቀን አሥር ሰዓት ቢሠራ 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ይህ በናፍጣ ቦይለር ከ3 ተኩል ሊትር በላይ፣ በእንጨት ቦይለር 12 ኪሎ ገደማ ደረቅ ፍልጥ ማለት ነው፤ በየቀኑ። 5 ሳንቲ ሜትር ግላስ ውል (ከመስታወት ክር የተሠራ ሙቀት የሚያግድ ጥጥ) ተጠቅልሎ በላሜራ ቢለበስ ከዚህ ብክነት ዘጠና በመቶ ያህሉ ይድናል። ላሜራው ለጌጥ አይደለም፤ ግላስ ውል ከረጠበ ሙቀት ማገድ ያቆማል። ቫልቮችና ፍላንጆችም (የቧንቧ መጋጠሚያዎች) ይሸፈኑ፤ አንድ ራቁት ቫልቭ የአንድ ሜትር ቧንቧ ያህል ያጣል።

ቀጥሎ እንፋሎቱ ሥራውን ጨርሶ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ የሚሆነው ውኃ አለ። ብዙ ቦታ ሙቅ ሆኖ ወደ ቦይ ይፈስሳል። ንጹሕና ከኖራ የጸዳ ስለሆነ ወደ ቦይለሩ ቢመለስ ቅርፊቱንም ይቀንሳል። የመግቢያው ውኃ በ6 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ነዳጅ በ1 በመቶ ይቀንሳል፤ ከ18 ወደ 75 ዲግሪ ከደረሰ 9 በመቶ ገደማ ነው። እዚህ ላይም ከፍታው ይገባል። በአካባቢያችን ውኃ እንደ ቦታው ከ91 እስከ 94 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ስለዚህ ከ80 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውኃ ፓምፕ ሲስበው ውስጡ አረፋ ፈጥሮ ፓምፑን ያንኳኳል፤ ቆይቶ ውስጡ የሚሽከረከረውን ክንፍ ይበላዋል። መፍትሔው የመመለሻውን ታንከር ከፓምፑ ቢያንስ 2 ሜትር ከፍ አድርጎ ማቆምና የመሳቢያ ቧንቧውን አጭርና ሰፊ ማድረግ ነው።

ወተት ለሚያፈላ ድርጅት ትልቁ ቁጥር ሌላ ነው። 1,000 ሊትር ወተት ከ4 ወደ 72 ዲግሪ ለማሞቅ 76 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። የሚወጣው ትኩስ ወተት በፕሌት የሙቀት መለዋወጫ (ሁለት ፈሳሾች ሳይቀላቀሉ በስስ ብረት በኩል ሙቀት የሚለዋወጡበት ዕቃ) በኩል ለሚገባው ቀዝቃዛ ወተት ሙቀቱን ቢሰጥ 85 በመቶው ይመለሳል፤ የሚቀረው 11 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። በዚያው መጠን ለማቀዝቀዝ የሚያስፈልገውም ይወርዳል። በበርሜል በ63 ዲግሪ 30 ደቂቃ የሚያቆይ አነስተኛ አምራች ይህ የለውም፤ ለእሱ ማሽኑን ለማሳደግ ከማሰብ በፊት የሙቀት መለዋወጫ መጨመር ያዋጣል።

እንጀራ ለሆቴልና ለሱቅ የሚያቀርቡ ቤቶችም እዚሁ ይመደባሉ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ከዚያ ብዙው የሚያልቀው ሸክላውን በማሞቅ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ከማሰማት አንዴ አስምቶ ያለማቋረጥ መጋገር ይሻላል። ከሽቦው በታች ያለው ሙሌት በደንብ የሚያግድ፣ አከምባሎውም ገጥሞ የሚዘጋ ይሁን። በእንጨት የሚጋግሩ ከሲሚንቶና ከቀይ አሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ማገዶ ይቆጥብላቸዋል።

ወተቱን ማቀዝቀዝ

ወተት ከጡት ሲወጣ 35 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 4 ዲግሪ መድረስ አለበት። ለ1,000 ሊትር 35 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት መወሰድ አለበት፤ ጥሩ ማቀዝቀዣ ይህን በ14 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይሠራዋል። የጉድጓድ ውኃችን ግን 18 ዲግሪ ገደማ ነው። ወተቱ ወደ ታንኩ ከመግባቱ በፊት በፕሌት ማቀዝቀዣ ውስጥ ከሁለት እጥፍ ውኃ ጋር ጎን ለጎን ቢያልፍ ወደ 20 ዲግሪ ይወርዳል፤ ከሥራው ግማሽ ያህሉ ያለ ኮምፕረሰር አለቀ። ለብ ብሎ የሚወጣው ውኃ ለላሞቹ ይሰጥ፤ በሱሉልታ የታኅሣሥ ጠዋት ላም ለብ ያለ ውኃ በደንብ ትጠጣለች፣ ብዙ የጠጣች ላም ደግሞ ወተት ትሰጣለች።

ማቀዝቀዣ ሲገዛ ሻጩ የሚጠቅሰው አቅም በባሕር ወለል አየር የተለካ ነው። በስሱ አየራችን የኮንደንሰሩ (ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣው ክፍል) ማራገቢያ የሚያባርረው ሙቀት ያንሳል፤ ከኛ አየር ቅዝቃዜ የተወሰነ ካሳ ቢገኝም አንድ ደረጃ ሰፋ ያለ ኮንደንሰር መጠየቅ ተገቢ ነው። ኮንደንሰሩ ከግድግዳ ተለጥፎ፣ ከፀሐይ ፊት ለፊት ወይም መኖ በሚፈጭበት ክፍል ቆሞ ይታያል፤ አቧራና ገለባ ከተጣበቀበት ኮምፕረሰሩ ሳያርፍ ሲሠራ ይውላል። በየወሩ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል። የበሩ ጎማ የሚፈተነው ወረቀት መሐል አስገብቶ በመዝጋት ነው፤ ወረቀቱ በቀላሉ ከወጣ ቅዝቃዜውም እየወጣ ነው።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ከባትሪ የሚሻል ማከማቻ አለ፤ በረዶ። በረዶ ባንክ የሚባለው በውኃ የተሞላና የማቀዝቀዣ ቱቦ ያለፈበት ታንክ ነው፤ መብራት ባለበት ሰዓት ቱቦው ዙሪያ በረዶ ይሠራል፣ ወተት ሲመጣ የበረዶው ውኃ ያቀዘቅዘዋል። 500 ሊትር ወተት ከ35 ወደ 4 ዲግሪ ለማውረድ 190 ኪሎ ገደማ በረዶ ይበቃል፤ መብራት ቢጠፋ የሚያስፈልገው የውኃ ማዞሪያዋ ትንሽ ፓምፕ ብቻ ናት። ከሶላር ጋርም ይስማማል። ላም የሚታለበው ማለዳ 11 ሰዓትና ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ፀሐይ የሚበረታው ግን እኩለ ቀን ላይ። በረዶው ሁለቱን ያገናኛል።

ሙቅ ውኃ ከፀሐይ፣ ጋዝ ከእበት

ማለቢያ ለማጠብ፣ ጣሳ ለማጽዳት፣ ቦይለር ለመመገብ የሚውል ውኃ በፀሐይ ቢሞቅ ከማንኛውም ፓኔል ቀድሞ ወጪውን ይመልሳል። በኛ ፀሐይ 1 ካሬ ሜትር መሰብሰቢያ በጥሩ ቀን 50 ሊትር ያህል ውኃ ወደ 60 ዲግሪ ያደርሳል፤ 500 ሊትር ለሚፈልግ 10 ካሬ ሜትር ይታሰብ። ጠፍጣፋው ዓይነት በሱሉልታ፣ በሆለታና በሰንዳፋ ችግር አለበት። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ውርጭ ሲወርድ በቱቦው ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ መዳቡን ይሰነጥቃል። እዚያ የቫኪዩም ቱቦ ያለው ይመረጥ። ከታንኩ እስከ መጠቀሚያው ያለው ቧንቧም ይሸፈን፤ 20 ሜትር ራቁት ቧንቧ የተሰበሰበውን በመንገድ ይጨርሰዋል።

ባዮጋዝ (እበት በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ የሚወጣው ጋዝ) ለወተት እርሻ ተስማሚ ነው፤ ነገር ግን ከሁሉ በላይ በአያያዝ የሚበላሸውም እሱ ነው። አሥር ላሞች በበረት ውስጥ ታስረው የሚቀለቡ ከሆነ በቀን 200 ኪሎ እበት መሰብሰብ ይቻላል። በእኩል ውኃ ሲበጠበጥ 400 ሊትር ይሆናል። የአካባቢያችን አፈር ቀዝቃዛ ስለሆነ ባክቴሪያዎቹ ቀስ ይላሉ፤ ቢያንስ 60 ቀን መቆየት አለበት፤ ስለዚህ ጉድጓዱ 24 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። ለቤት የሚሠሩት ከ4 እስከ 10 ሜትር ኩብ ያሉት ለዚህ እርሻ አይበቁም፤ በእነሱ ላይ 200 ኪሎ ማስገባት ሳይብላላ እንዲወጣ ማድረግ ነው። በትክክል ከተያዘ በቀን 6 ሜትር ኩብ ጋዝ ይጠበቃል፤ ይህ 400 ሊትር ያህል ውኃ ወደ 60 ዲግሪ ያሞቃል። ከጥቅምት እስከ ጥር የቀን ምርቱ እንደሚቀንስ ከወዲሁ ይታወቅ።

ምን ያበላሸዋል? በመጀመሪያ በረት የታጠበበት ውኃ ሁሉ ወደ ውስጥ መግባቱ ነው፤ ድብልቁ ይቀጥናል፣ ቆይታው ያጥራል። እበቱ በአካፋ ተሰብስቦ ለብቻው ይግባ፤ የማጠቢያው ውኃ ወደ ሌላ ቦይ ይሂድ። በተለይ በረኪናና ሌላ ፀረ ተባይ ያለበት ውኃ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ለጡት በሽታ አንቲባዮቲክ የወሰደች ላም እበትም መድኃኒቱ እስኪወጣላት ድረስ ተለይቶ ይደፋ። ጭድ ላዩ ላይ ተንሳፍፎ ክዳን ይሠራል፤ አሸዋ ደግሞ ሥሩ ይሞላል። ጋዝ ማንደጃው እየተንቦጀቦጀ የሚነድ ከሆነ ቧንቧው ውስጥ ውኃ ተጠራቅሟል፤ ዝቅ ባለው ቦታ ላይ ማፍሰሻ ያስፈልጋል።

የጥቁር አፈር ነገር ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሰንዳፋ ሜዳ ያለው መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በቀጥታ የተቀበረ የሲሚንቶ ጉልላት አብሮት ይሰነጠቃል፣ ጋዙም ያመልጣል። ዙሪያውን ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር በቀይ አሸዋ ወይም በጠጠር መሙላትና የክረምቱን ውኃ በቦይ ማራቅ ያስፈልጋል። ስንጥቅ ሲጠረጠር በሳሙና አረፋ ይፈተን፤ ማንም ግን ባዶ የመሰለውን ጉድጓድ ለማየት ወደ ውስጥ አይውረድ። በውስጡ የሚቀረውን ጋዝ ጥቂት ጊዜ መተንፈስ ብቻ ሰው ለመግደል ይበቃል፤ የወደቀውን ለማውጣት የገባም አብሮ ይቀራል።

አንድ ተቃውሞ እንሰማለን፤ እበቱ ኩበት ሆኖ ይሸጣል የሚል። እውነት ነው፣ ሰንዳፋና ሱሉልታ ላይ ኩበት ገቢ ነው። ባዮጋዝ ግን ሙቀቱን ሰጥቶ ናይትሮጅኑን በቀሪው ውስጥ ይተወዋል፤ ያ ለመኖ ሣር የተሻለ ማዳበሪያ ነው። ኩበት ግን ሲነድ ናይትሮጅኑን በጭስ ይዞ ይሄዳል።

ውኃ መሳብ

የመስኖ ፓምፕ ስሌቱ ቀላል ነው፦ ሜትር ኩብ በከፍታ ሜትር ይባዛ፣ በ2.7 ይባዛ፤ ውጤቱ ዋት ሰዓት ነው። 20 ሜትር ኩብ በቀን 40 ሜትር ለማውጣት 2,200 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ የፓምፕና የሞተር ብክነት ሲጨመር 5 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ። ይህን 1.3 ኪሎ ዋት የሶላር ፓኔል በበጋ ይሠራዋል። ባትሪ አያስፈልግም፤ ቀን ሞልቶ ማታ የሚያጠጣ ከፍ ያለ ሮቶ ባትሪው ነው።

ሰዎች የሚዘነጉት ቧንቧውን ነው። ይህንኑ ውኃ በሰዓት 4 ሜትር ኩብ አድርገን ውስጡ 28 ሚሊ ሜትር በሆነ ቧንቧ ብንልክ በየ100 ሜትሩ 12 ሜትር ከፍታ የሚያህል ግፊት ይጠፋል። 44 ሚሊ ሜትር ቢሆን 1.4 ሜትር ብቻ። ቀጭኑ ቧንቧ ሲገዛ ርካሽ ነው፤ ልዩነቱ ግን ተጨማሪ ፓኔል ሆኖ ይከፈላል።

ፓኔሉና ጄኔሬተሩ

አሁን ፓኔሉ ተራው ደረሰ። ጥቅሙ የሚታየው የናፍጣ ሰዓት ሲቀንስ ነው፤ ስለዚህ የሚለካውም ከጄኔሬተሩ ጋር ነው። ቱርቦ የሌለው ጄኔሬተር በከፍታችን ከአቅሙ ከ20 እስከ 25 በመቶ ያጣል፤ 100 ኪሎ ቮልት አምፔር ተብሎ የተሸጠው እዚህ ከ80 አይበልጥም። በጥሩ ጭነት ከአንድ ሊትር 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይገኛል። ከአቅሙ ከ30 በመቶ በታች እየሠራ ለረጅም ሰዓት የሚቆይ ሞተር ግን ያልተቃጠለ ነዳጅ በጭስ ማውጫው ያንጠባጥባል፣ ከሊትሩም ግማሹን ያህል ብቻ ይሰጣል። ሌሊት ለአንድ ማቀዝቀዣ ብቻ ትልቁን ጄኔሬተር ማስነሳት ዋነኛው የናፍጣ ብክነት ነው፤ በረዶ ባንክ ወይም ትንሽ ሁለተኛ ጄኔሬተር ያስፈልጋል።

በአዲስ አበባ አካባቢ 1 ኪሎ ዋት ፓኔል 5 ካሬ ሜትር ያህል ይይዛል፤ በዓመት አማካይ በቀን ከ4 እስከ 4.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ በሐምሌና ነሐሴ ወደ 3 ይወርዳል። ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዘንበል ማድረግ በቂ ነው፤ ከዚያ ካነሰ ዝናብ አያጥበውም። በገላንና በዱከም መንገድ ዳር በበጋ አቧራው ይጋገራል፤ ማለዳ ፓኔሉ ገና ቀዝቃዛ ሳለ በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ይታጠብ። እኩለ ቀን ላይ በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ሊያሰነጥቀው ይችላል።

ገዢዎች ደጋግመው የሚያዝኑበት አንድ ነገር አለ፤ መብራት ሲጠፋ ሶላሩም ይጠፋል። ከመስመሩ ጋር ብቻ የሚሠራው ኢንቨርተር (የፓኔሉን ኃይል ዕቃዎች ወደሚጠቀሙበት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው መሣሪያ) በመስመሩ ላይ የሚሠሩ ሠራተኞችን እንዳይጎዳ ተብሎ መብራት ሲጠፋ እንዲያቆም ነው የተሠራው። መብራት በሌለበት መሥራት ያለበት ሰው ሃይብሪድ (ከመስመርም ከባትሪም ጋር የሚሠራ) ኢንቨርተርና ቢያንስ ለመነሻ የሚበቃ ባትሪ መጠየቅ አለበት። ከጄኔሬተር ጋር አብሮ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ጭነቱ ሲቀንስ ፓኔሉ ወደ ጄኔሬተሩ ኃይል እንዳይመልስ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ ግድ ነው፤ ያ ከሌለ ጄኔሬተሩ ሊበላሽ ይችላል። ኮምፕረሰርና ፓምፕ ሲነሱ ከመደበኛው ከ5 እስከ 7 እጥፍ ኮረንት ስለሚስቡ፣ ኢንቨርተሩ በሚሠራበት ሳይሆን በሚነሳበት ጭነት ይመረጥ፤ ወይም ለሞተሮቹ ቀስ ብሎ የሚያስነሳ ማስጀመሪያ ይገጠምላቸው። ከሻጩ ጋር በሚፈረመው ውል ላይ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይግባ፦ በሐምሌ ወር በቀን ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት እንደሚሰጥ፣ መብራት ሲጠፋ የትኞቹ ዕቃዎች ለስንት ሰዓት እንደሚሠሩ፣ ኢንቨርተሩ ቢበላሽ ተተኪው አዲስ አበባ ውስጥ ከየት እንደሚመጣና ማን እንደሚገጥመው።